ድኙን ወደ ሰማይ ያወጣው ማን ነው?

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. እሁድ ነበር፤ የጰራቅሊጦስ ዕለት። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኤርትራ ውስጥ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለው ናብሮ የሚባል ተራራ ፈነዳ። ናብሮ ከዚያ በፊት መፈንዳቱን የሚናገር የታሪክ መዝገብ አልነበረም። አካባቢው የአፋሮች ቀዬ ነው፤ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ሸሹ። በማግስቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን የአዲስ አበባ ቆይታቸውን አሳጥረው ተነሡ፤ አመዱ በረራ እንዳይዘጋባቸው ተፈርቶ ነበር። የዚያ ሰሞን ወሬ ይኸው ነው፦ አመድና የተሰረዘ በረራ። ከዚያ ተረሳ።

ከአመዱ ጋር አብሮ የወጣ፣ ዓይን የማያየው ሌላ ነገር ግን አለ። ክብሪት ሲጫር አፍንጫችንን የሚወጋንን ሽታ ታውቁታላችሁ? እሱ ጋዝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ የተቃጠለ ድኝ ማለት ነው። ናብሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ተፋው። አመዱ ክብደት ስላለው ቶሎ መሬት ያዘ። ጋዙ ግን ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ፣ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል እስከ መካከለኛው እስያና ቻይና ተጓዘ። ከሳምንታት በኋላ ሳተላይቶች ስትራቶስፌር ውስጥ፣ ማለትም ዝናብና ደመና ከሚያልቁበት በላይ ባለው የአየር ንብርብር ውስጥ፣ አዲስ የቅንጣት ጭጋግ አዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ከፈነዳ ወዲህ እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት አልታየም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ድኙን እዚያ ድረስ ያወጣው ማን ነው? ተራራው በራሱ ጉልበት ወረወረው? ወይስ የክረምት ነጎድጓድ አዝሎ አወጣው?

ጥያቄው የሳይንቲስቶች ጭቅጭቅ ብቻ ይመስላል። ግን የአባይን ታሪክ ስትከፍቱት መሐል ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

አራት ጮቄ

መጀመሪያ ነጎድጓዱ እንዴት እንደሚያዝል እንይ። ክረምት ላይ ቁይ ሆኖ ወደ ጮቄ የሚመለከት ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ያየዋል። ጠዋት ዝናቡ ፋታ ከሰጠ ሰማዩ ይገለጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከተራራው በላይ ትናንሽ ነጭ ደመናዎች ይጀምራሉ። ቀትር ሲያልፍ እንደ አበባ ጎመን እየተቆለሉ ይሄዳሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆዳቸው ጠቁሮ ማጉረምረም ነው። ከዚያ ዶፉ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ገብሱን የሚያነጥፍ በረዶ።

ያ ቁልል ሞተር ነው። ነዳጁ የውሃ እንፋሎት ነው። የድስት ክዳን ሲከፍት እጁን የተለበለበ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፦ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ደመና ውስጥም እንዲሁ ነው። እርጥብ አየር ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል፣ የተለቀቀው ሙቀት አየሩን ከአካባቢው ይበልጥ ያቀለዋል፣ አየሩም ይበልጥ ይወጣል። ብርቱ ነጎድጓድ መሬት አጠገብ የነበረን አየር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጣሪያው ላይ ያደርሰዋል። በእኛ ሰማይ ጣሪያው ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጮቄ 4,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጮቄ ላይ ጮቄ፣ በዚያ ላይ ሌላ ጮቄ፣ እንደገና ሌላ ጮቄ ደርቡ፤ እዚያ ድረስ ማለት ነው። ደመናው እዚያ ሲደርስ ከዚያ በላይ መውጣት ስለማይችል እንደ ምጣድ ጠፍጥፎ ይዘረጋል።

አየሩ ሲወጣ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ከድኙ ጋዝ ከፊሉ ጠብታ ውስጥ ሟምቶ ከዝናቡ ጋር ይመለሳል፤ የተረፈው ጣሪያው ላይ ይለቀቃል። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪን ያልፋል፣ አየሩም ከአሮጌ አቧራና ጭስ የጸዳ ነው። በፀሐይ ብርሃን የሚፈጠሩ ንቁ ሞለኪውሎች ጋዙን ያገኙትና ቀስ በቀስ ሰልፈሪክ አሲድ ያደርጉታል፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። የአሲዱ ተን ታች ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ባለ ቅንጣት ላይ ሄዶ በተለጠፈ ነበር። ላይ ግን የሚለጠፍበት ነገር ጥቂት ስለሆነ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው አዲስ ቅንጣት ይወልዳሉ።

ነጎድጓድ የሚያወጣው ደግሞ ድኝ ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የምርምር አውሮፕላን ከካትማንዱ እየተነሣ በእስያ ሞንሱን አናት ላይ ሲበር ከአሞኒያ የተሠሩ ቅንጣቶች አገኘ። አሞኒያው ከየት መጣ? ከማሳ ማዳበሪያና ከከብት እበት። ዩሪያ የሚበትን ገበሬና ደመናው የዚህን ያህል ይተዋወቃሉ። መብረቅ ደግሞ ናይትሪክ አሲድ የሚሆነውን ጋዝ ይፈጥራል። አሞኒያ፣ ናይትሪክ አሲድና ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ሲገናኙ ቅንጣት የሚወለድበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ ተፈትኖ ታይቷል።

ሁለት ምክንያት፣ አንድ ውጤት

ወደ ናብሮ እንመለስ። በሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. በካናዳዊው አዳም ቡራሳ የሚመራ ቡድን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ የናብሮ ጋዝ በራሱ የደረሰው ከ9 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ የእስያ ሞንሱን ነጎድጓድ ተቀብሎ ወደ ስትራቶስፌር አወጣው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታመነው አንድ ፍንዳታ የዓለምን አየር የሚነካው ራሱ ጣሪያውን የመብሳት ጉልበት ካለው ነው ተብሎ ነበርና። ቡራሳ ትክክል ከሆነ መካከለኛ ፍንዳታም ትክክለኛው ወቅት ላይ ከወጣ የሚያዝለው ያገኛል።

በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. ሁለት ሌሎች ቡድኖች እዚያው መጽሔት ላይ መለሱ። ዣን ፖል ቨርኒዬና ባልደረቦቹ፣ እንዲሁም ማይክል ፍሮምና ባልደረቦቹ፣ የሌሎች ሳተላይቶችን መረጃ ይዘው ‘ድኙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀድሞም ጣሪያው ላይ ነበር፤ ተራራው ራሱ ነው የወረወረው’ አሉ። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ከእነዚህ ወገን ያደላሉ፦ አብዛኛውን ሸክም ናብሮ ራሱ ደጃፉ ድረስ አደረሰው፤ ሞንሱኑ ደግሞ ተቀብሎ በሰፊው አዞረው፣ ቀስ እያለም ከፍ አደረገው።

እኔ ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምኖር ሰው ነኝ። ይህ ጭቅጭቅ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ሲስተም ይወድቃል፤ ሊጥሉት የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የሚሰጡት ውጤት አንድ ነው። የሚለያቸው ሎጉ ብቻ ነው፦ የቱ መጀመሪያ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ። ናብሮ ላይ የመጀመሪያው ሌሊት ሎግ በጣም ቀጭን ነበር። ተራራው አጠገብ አንድም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ አልነበረም። ፍንዳታውን በመሬት ደረጃ የሰማው ጂቡቲ ያለው የድምፅ ሞገድ ጣቢያ ነው፤ እሱም የተተከለው የኑክሌር ሙከራ ለመጠበቅ ነው። መጀመሪያ ላይ የፈነዳው ጎረቤቱ ዱቢ ነው እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ዱቢ በ1861 እ.ኤ.አ. የፈነዳና ድምፁ ምጽዋ ድረስ የተሰማ ተራራ ስለሆነ ስሙ ቀድሞ ይታወቃል። መለኪያዎቹ ናብሮ ዙሪያ የተተከሉት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ደጃፋችን ላይ የሆነውን ነገር የሚያውቁት ከሰማይ ሆነው የሚያልፉት የሌሎች ሳተላይቶች ብቻ ሆኑ፤ እነሱም ባለፉበት ሰዓት ያዩትን ያህል።

ከፍታው ለምን ያከራክራል?

ዕድሜ ስለሆነ ነው። ታች፣ ዝናብ ባለበት አየር ውስጥ፣ ድኝ ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ይታጠባል። ላይ የሚያጥበው ዝናብ የለም፤ ቅንጣቶቹ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። በቆዩበት ሁሉ የፀሐይን ብርሃን በጥቂቱ ወደ ጠፈር ይመልሳሉ። ፒናቱቦ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ላከ፤ በቀጣዩ ዓመት የምድር አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ወረደ። ናብሮ የዚያን አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ስለዚህ ያመጣው ቅዝቃዜ ትንሽ ነበር። በ2003 የአፍሪካን ቀንድ የመታው ድርቅም ከፍንዳታው ቀድሞ የጀመረ ነው፤ ናብሮን ልንከስበት አንችልም።

ግን ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ላይ ብቻ ብዙ ድኝ ሲወጣ ነገሩ ወደ እኛ ይዞራል። የክረምት ዝናባችን የሚመጣው የዝናብ ቀበቶው ሙቀትን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ነው። ሰሜኑ ከቀዘቀዘ ቀበቶው ይሰንፋል፤ ከለመደው ቦታ በታች ይቀራል። ዝናቡን የሚያጣው ከሳህል እስከ ኢትዮጵያ ከፍታዎች ያለው ሀገር ነው።

ይህ በታሪክ የታየበት ጊዜ አለ። በሰኔ 1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባል ቦታ ላይ መሬት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። ስምንት ወር ሙሉ እሳት ተፋ። የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 120 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል፤ ናብሮ ከሰጠው መቶ እጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረው። አብዛኛው ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ተለቀቀ። አይስላንድ ውስጥ ሣሩ ተመረዘ፣ ከብቱ አለቀ፣ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህል በረሃብ ሞተ።

በዚያው ዓመት ክረምት አባይ ካይሮ ሲደርስ ቀጭን ነበር። በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ። በጊዜው ግብፅ ውስጥ የነበረው ፈረንሳዊ ተጓዥ ቮልኔ፣ በ1785 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከግብፅ ሕዝብ ስድስት አንዱ ሞቷል ወይም ሀገሩን ጥሎ ሄዷል ብሎ ጽፏል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሉክ ኦማንና ባልደረቦቹ የላኪን ድኝ በኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ ለቀው ሲያዩት ሰሜኑ ቀዘቀዘ፣ የአፍሪካና የሕንድ ሞንሱን ደከመ፣ የአባይ ፍሰት ቀነሰ። አይስላንድና ካይሮ በአንድ ክር ተያያዙ።

ክሩ ግን መሐል ላይ የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ እሱም እኛ ነን። ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚወርድ ነው። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ ሁሉም ከጮቄ ተነሥተው አባይ የሚገቡ ናቸው። ካይሮ ላይ የጎደለው ውሃ መጀመሪያ የጎደለው እዚህ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1775 እና 1776 ዓ.ም. ነው፤ ዘመነ መሳፍንት። ጎንደር ላይ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከዙፋን የሚወርዱበት፣ የየጁው ራስ አሊ የሚነሡበት ጊዜ። ስለ ዙፋኑ የትምህርት ቤት መጽሐፋችን ይነግረናል። ስለዚያ ክረምት የምናውቀው ግን ከካይሮ ነው።

ካይሮ እንዴት አወቀች? ሮዳ ደሴት ላይ የአባይን ከፍታ የሚለካ ዓምድ አላት፤ ክንድ በክንድ የተቆረጠበት። አሁን የቆመው በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራው ነው፤ የልኬቱ መዝገብ ራሱ ከ622 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ግብር የሚጣለው ውሃው ስንት ክንድ ደረሰ ተብሎ ስለነበር መንግሥት ሲገለበጥም ልኬቱ ቀጠለ። ከሺህ ዓመት በላይ የሆነ ሎግ ማለት ነው። አሁን አስቡት፦ እዚያ ድንጋይ ላይ የተጻፈው የማን ዝናብ ነው? የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የሸዋ፣ የወለጋ ክረምት ነው። የእኛ ሰማይ በሌላ ሰው ደብተር ላይ።

ከዚያ ወዲህ

ላኪ ብቻውን አይደለም። በሰኔ 1912 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ፣ ካትማይ አጠገብ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ ፍንዳታ ሆነ። በ1913 የአባይ ፍሰት በዚያ ክፍለ ዘመን ከተመዘገቡት እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን ፈነዳ፤ ከዚያ 1983 እና 1984 የሳህል ሰማይ ደረቀ። ጂም ሄይውድና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ1900 ወዲህ ሳህልን ካደረቁት አራት እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ ከትልቅ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ፍንዳታ በኋላ የመጡ መሆናቸውን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ1977ቱን ረሃብ ተራራ አላመጣውም። ጦርነት ነበር፣ ገበያ ተዘግቶ ነበር፣ የመንግሥት ፖሊሲ ነበር። ዝናብ ሲጎድል ማን እንደሚራብ የሚወስነው ሰው ነው። ድኝ የሚነካው ዝናቡን ነው፤ እሱንም ከውቅያኖስ ሙቀትና ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተጋግዞ። ‘ሁሉም ከእሳተ ገሞራ ነው’ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ‘ምንም አያገባውም’ የሚለውንም እንዲሁ።

ታዲያ ይህ የድሮ ታሪክ ለዛሬ ወጣት ምኑ ነው? ይኸው፦ አሁን ድኙን ሆን ብሎ ወደ ላይ ስለ ማውጣት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚው ኬሚስት ፓውል ክሩትዘን፣ ዓለም ጭሷን መቀነስ ካቃታት ፒናቱቦ ያደረገውን በሰው እጅ ስለ ማድረግ ምርምር ይጀመር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አድጓል፦ አውሮፕላን ድኝ ጭኖ ስትራቶስፌር ላይ ይረጫል፣ ምድር ትቀዘቅዛለች። የሄይውድ ጥናት ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው፤ ሰሜን ላይ ብቻ ከተረጨ ሳህል ሊደርቅ ይችላል። ማለትም አንዱ ሀገር ሙቀቱን ለማብረድ የሚያደርገው ነገር የሌላውን ሰኔ ሊወስድ ይችላል።

የአፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሮች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ ይህ ቴክኖሎጂ ጥቅም ላይ እንዳይውል ዓለም አቀፍ ስምምነት ይደረግ አሉ። በ2024 መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ሲነሣ ሀገራት መስማማት ስላቃታቸው ስዊዘርላንድ ያቀረበችው ረቂቅ ተነሣ። ጥያቄው አሁንም ክፍት ነው። አንድ ቀን አንዱ ሀገር ቢረጭና በዚያ ዓመት ጎጃም ዝናብ ቢያጣ፣ ‘በእናንተ ምክንያት ነው’ ለማለት በእጃችን ምን ይኖራል? የናብሮ ጭቅጭቅ የሚያስተምረው ይህን ነው። ሳይንቲስቶቹ ሁሉ ቅን ሰዎች ሆነው፣ ማንም የሚክደው ጥቅም ሳይኖረው፣ የመጀመሪያው ሌሊት ሎግ ስለቀጠነ ብቻ ለመስማማት ዓመታት ወሰደባቸው። ገንዘብና ካሳ ያለበት ክርክር ቢሆን አስቡት።

በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችን አለበሰ፤ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ደረሰ፣ በረራዎችም ተሰረዙ። ከናብሮ ብዙ አይርቅም። ወቅቱ ግን ሌላ ነው፤ ኅዳር ላይ ሞንሱን የለም፣ የሚያዝል ነጎድጓድ የለም፣ የላይኛው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ጠራርጎ ይወስዳል። ክረምት ላይ ደግሞ ከላያችን የሚያልፈው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ እስያን የዞረውን አየር መልሶ ወደ እኛ ያመጣዋል። ያው አፋር፣ ያው ድኝ፤ በወሩ ልዩነት መንገዱ ሌላ።

ከእኛ የሚጠበቀው ሳተላይት ማምጠቅ አይደለም። ዝናብ መለኪያ ቀላል ዕቃ ነው፦ ቆርቆሮ ሲሊንደር፣ ምልክት ያለበት መስፈሪያ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚያነብ ሰው። ከባዱ ሥራ በየቀኑ ማንበቡ፣ ቀኑን መጻፉና ደብተሩ እንዳይጠፋ ማድረጉ ነው። ጳጉሜን 2017 ላይ የተመረቀው ግድብ ተርባይኖች የሚዞሩት በዚህ ዝናብ ነው፤ የቁይ ገበሬም ስንዴውን የሚዘራው በዚሁ ነው። የሮዳ ዓምድ የጎጃምን ክረምት ከሺህ ዓመት በላይ በክንድ ሲለካ የኖረው ግብፆች ከእኛ የተሻለ ሰማይ ስላላቸው አልነበረም። በየዓመቱ ሄዶ የሚያነብ ሰው ስለነበራቸው ነው።